ኦቦ ዳባ መንደራቸውን ሲቆጥሩ

ኦቦ ዳባ ማረፋቸውን የነገረኝ የመሥሪያ ቤታችን ጥበቃ ነው። ጠዋት ሲደውል ስሙን ስልኬ ላይ አይቼ የቢሮው ቁልፍ የጠፋ መስሎኝ ነበር። «ያንቺ ሰውዬ ዐረፉ» አለኝ። የትኛው ሰውዬ ብዬ አልጠየቅኩም። ጡረታ ከወጡ ዓመታት ቢያልፉም፣ በመሥሪያ ቤታችን «ያንቺ ሰውዬ» የሚባሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ነበር፤ ሌላው ሰው አጠገባቸው መቀመጥ ስለማይወድ ነው ስሙ የወጣልኝ።

«ልባቸው ነው አሉ። ቀብሩ ነገ መንደራቸው ነው» አለ ጥበቃው። ከዚያ፣ «መንደሩ ይቀብራቸዋል እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ።

እኔም ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ቀኑን ሙሉ ያሰብኩት ይህንኑ ነው።

ሰው ሲሞት ጥሩ ጥሩው ብቻ ነው የሚወራው። እኔ ግን ከመጀመሪያው ልናገር፤ ኦቦ ዳባ አስቸጋሪ ሰው ነበሩ። ስብሰባ ላይ የተነበበ ሪፖርት አንድ ጊዜ በሰላም አሳልፈው አያውቁም። ሁሉም ለማጨብጨብ እጁን ሲያነሳ እሳቸው ጃንጥላቸውን ያነሱ ነበር። ጃንጥላዋ በበጋም በክረምትም ከእጃቸው አትለይም፤ የምትዘረጋው ግን አልፎ አልፎ ነው፣ ዋና ሥራዋ «አንድ ጥያቄ አለኝ» ማለት ነበር። ኃላፊያችን ያቺን ጃንጥላ ሲያይ ፊቱ ይጠቁራል።

እኔ እዚያ መሥሪያ ቤት የገባሁት በ2006 ዓ.ም. ነው። አምቦ ተወልጄ ያደግኩ፣ ስታቲስቲክስ ተምሬ የወጣሁ ነኝ፤ ሥራዬ ከየወረዳው የሚመጣውን የሕዝብ ቁጥር ኮምፒውተር ውስጥ ማስገባት ነበር። እሳቸው የሕዝብ ጉዳይ ባለሙያ ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና፣ «ያ ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ መጾም ታበዢያለሽ መሰለኝ፤ ቁጥር መደመር ምግብ ይፈልጋል» አሉኝ። እሳቸው ፕሮቴስታንት ስለነበሩ የእኛን የኦርቶዶክሶቹን ጾም ማብዛት አይወዱም ነበር፤ በጾም ቀን ሆን ብለው እንቁላል ይዘው ይመጣሉ። ሲደምሩ በለሆሳስ መዝሙር ያንጎራጉራሉ። መዝሙሩ ከተቋረጠ ቁጥሩ አልተስማማላቸውም ማለት ነው። ያኔ ማናገር አያስፈልግም፤ ዞር ብሎ ሻይ መጠጣት ነው የሚሻለው።

ከእሳቸው ጋር ገጠር መውጣት ግን ደስ ይለኝ ነበር። አገራዊው ቆጠራ ይካሄዳል ይባልና ይራዘማል፣ ደግሞ ይባልና ይራዘማል፤ እኛ በመሃሉ ለጥናትም ለማጣሪያም እያልን ቤት ለቤት እንዞራለን። ኦቦ ዳባ አንድ ግቢ ሲገቡ ለቆጠራ የመጡ አይመስሉም። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ላሟ፣ ስለ ጎረቤት ሕመም ይጠይቃሉ። ቆጣሪዎችን ሲያሠለጥኑ ደጋግመው የሚናገሩት አንድ ነገር ነበር፦ «እናትን ልጆችሽ ስንት ናቸው እንዳትሉ።» በዚያ አገር ልጅና ከብት አይቆጠርም፤ ከተቆጠረ ይጎድላል ብለው ይሰጋሉ። ስንት ብለህ የጠየቅክ እንደሆነ «ዋቃቱ ቤካ» ትልሃለች፣ እግዜር ነው የሚያውቀው ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ አፏን አታገኘውም። ስለዚህ ኦቦ ዳባ ከታላቁ ጀምረው ስም በስም ይጠይቃሉ። እናትየዋም ስታወራ ደስ ይላታል፤ ማን እንደሚያስቸግር፣ ማን አባቱን እንደሚመስል ትነግራቸዋለች። እሳቸው ይጽፋሉ፤ ድምሩን ግን እዚያ አይደምሩም። ከግቢው ወጥተው፣ ከአጥሩ ወዲያ ጀርባቸውን ለቤቱ ሰጥተው ነው የሚደምሩት።

ዕድሜም እንደዚሁ። አንዲት አሮጊት «አርባ ነኝ» ስትላቸው አይከራከሩም። «ደርግ ሲመጣ አንቺ ሙሽራ ነበርሽ ወይስ ሙሽራ ሸኚ ልጅ?» ብለው ይጠይቋታል። ሴትየዋ ትስቃለች፤ ዕድሜዋም በሳቋ መሃል ሾልኮ ይወጣል።

ቢሮ ስንመለስ ደግሞ ያንን ሁሉ ቁጥር በዕድሜና በጾታ እየደረደርኩ ሥዕል አወጣላቸዋለሁ። ሕፃናቱ ከታች፣ ሽማግሌዎቹ ከላይ፤ ወንዱ በግራ፣ ሴቷ በቀኝ። የደኅና መንደር ሥዕል ከታች ሰፊ ነው፤ ወደ ላይ እየጠበበ ይሄዳል። የደንዲ ወረዳን መንደሮች ሳወጣላቸው ግን ኦቦ ዳባ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወደ ሥዕሉ ይጠጋሉ። የወጣት ወንዶቹ መደዳ ጎድሏል፤ ትንሽ ቆይቶ የወጣት ሴቶቹም ጎደለ፤ ቀጥሎ ደግሞ ሕፃናቱ ማነስ ጀመሩ፤ ወላጅ ከሌለ ሕፃን ከየት ይመጣል? «ጥርሱ የወለቀ አፍ ነው የሚመስለው» አሉኝ አንድ ቀን። «ፊት ፊቱን ነው የወለቀው።»

እሳቸው ሳይቆጥሩም ያውቁ ነበር። መኪና ውስጥ ሆነን በመስኮት እያዩ፣ «ያ ባሕር ዛፍ አምና ጤፍ ነበር» ይሉኛል። ማረሻ የሚይዝ ልጅ የሌለው ሰው ማሳውን ባሕር ዛፍ ይተክልበታል፤ ባሕር ዛፍ አራሽ አይፈልግም፣ አራሚ አይፈልግም። አዲስ የቆርቆሮ ቤት ሲያዩም አይደሰቱም። አረብ አገር ያለች ልጅ ልካ ያሠራችው ነው፤ በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል። «ቤቱ ይበዛል፣ ሰዉ ያንሳል። ከሩቅ ያየ ግን ለማ ይላል» ይሉ ነበር።

እንግዲህ የኦቦ ዳባ መከራ የመጣው ከዚህ ነው።

አገራዊ ቆጠራ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ስላልተደረገ፣ የየቀበሌው ሕዝብ በየዓመቱ በስሌት ነበር የሚገመተው። ያለፈውን ቁጥር እንወስድና በዕድገት መጠኑ እናበዛዋለን፤ አለቀ። የትኛውም ቀበሌ አይቀንስም። የኦቦ ዳባ የትውልድ መንደር ጨፌ ዳሎም በየዓመቱ እኛ ቢሮ ውስጥ፣ እኔ ኮምፒውተር ላይ ሲጨምር ኖረ። «በወረቀት የተወለደ ልጅ አያለቅስም፤ ጡትም አይጠይቅም» ይሉኝ ነበር ኦቦ ዳባ እየሳቁ። ያኔ ቀልድ ነበር።

አንድ ዓመት በዚያ አካባቢ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሊሠራ ተወሰነ። ሁለት ቀበሌዎች ጠየቁ፤ አንዱ ጨፌ ዳሎ፣ ሌላው ወንዝ ማዶ ያለው ጎርባ። በወረቀት ላይ ጨፌ ዳሎ ስለሚበልጥ ትምህርት ቤቱ ለእሱ ሊሰጥ ነበር። የጎርባ ሰዎች «እዚያ እኮ ሰው የለም፤ መጥታችሁ እዩ» ብለው አቤት አሉ። ስለዚህ ተቆጥሮ ይጣራ ተባለ።

ኃላፊያችን ጉዳዩን ለሌላ ባለሙያ ሊሰጥ ፈልጎ ነበር፤ ኦቦ ዳባ እምቢ አሉ። እኔም ነገሩ ስላላማረኝ፣ «ኦቦ ዳባ፣ የገዛ መንደርዎ ነው፤ ታላቅ ወንድምዎ እዚያው ነው ያሉት፤ ሌላ ሰው ይሂድ» አልኳቸው።

«ሌላ ሰው ቢሄድና ልጆቹ እንደሌሉ ቢጽፍ፣ ወንድሜ ቶሎሳ ያንን ሰው ይረግመዋል» አሉኝ። «ሰውየው ምን አደረገ? ይርገም ካለ እኔን ይርገም።»

አብሬያቸው ሄድኩ። ኦቦ ቶሎሳ ታላቅ ወንድማቸው ናቸው፤ አጠር ደልደል ያሉ፣ የመንደሩ ሽማግሌ፣ ሲናገሩ ሰው የሚያዳምጣቸው ሰው ነበሩ። የገብስ ዱቄት ጭኮ በቅቤ ርሶ ቀረበልን። እንዲህ ያለ ጭኮ ለሙሽራ ወላጆች እንጂ ለመንግሥት ሠራተኛ አይቀርብም። ኦቦ ዳባ ትንሽ ቀመሱና እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ብላ እንጂ» አሉ ኦቦ ቶሎሳ።

«ሥራዬን ልጨርስና እበላለሁ።»

«ሥራህን እዚህ ተቀምጠህ ጨርሰው። እኛ ዋሽ አላልንህም፤ ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ። ቁጥሩን አንተ አልጻፍከው፣ እኔ አልጻፍኩት። ከበላይ የመጣ ቁጥር ነው። ዝም ብለህ አጣራሁ በል። ዝም ማለት ውሸት ነው?»

ኦቦ ቶሎሳ ወደ እኔ ዞሩ፤ ለእኔ ሲሉ ንግግሩን ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ ለወጡት። «ልጄ፣ ስሚኝ። እዚህ ያለው ትምህርት ቤት ስምንተኛ ላይ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ልጁ ጊንጪ ከተማ ቤት ይከራያል። የተከራየ ልጅ ቅዳሜ ይመጣል፤ ትንሽ ቆይቶ ለበዓል ይመጣል፤ ከዚያ ስልክ ነው። ልጆቻችንን የሚይዝልን ነገር ስጡን ነው የምንለው። ልጆቹ ስለሌሉ ትምህርት ቤት አይሠራም ከተባለ፣ ትምህርት ቤት ስለሌለ ልጆቹ ሄዱ። እስቲ የቱ ይቀድማል?»

ቅጹን ከቦርሳዬ አውጥቼ ለኦቦ ዳባ ሰጠኋቸው።

ቆጠራው የተጀመረው ከዚያው ቤት ነው። ኦቦ ዳባ እንደ ልማዳቸው ስም በስም ጠየቁ። ኦቦ ቶሎሳ ሁሉንም ልጆቻቸውን ጠሩ፤ አዲስ አበባ ግንባታ ላይ የሚሠራውን፣ አረብ አገር ያለችውን፣ ደግሞ አገሩ በታመሰ ጊዜ አንድ ጠዋት ወጥቶ ወሬው የጠፋውን ትንሹን ልጅ። ኦቦ ዳባ ሁሉንም ጻፉ። ሲጨርሱ ኦቦ ቶሎሳ፣ «አልጨረስክም» አሉ። «አንተስ? አንተ የዚህ ቤት ሰው አይደለህም? ጻፍ እንጂ። ዳባ ብለህ ጻፍ።»

ኦቦ ዳባ የወንድማቸውን ፊት አይተው የራሳቸውን ስም ጻፉ።

ከአጥሩ ከወጣን በኋላ ቆም አሉ። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ከስድስት ወር በላይ ከቤቱ የራቀ ሰው ከዚያ ቤት አይቆጠርም። የወንድማቸውን ልጆች አንድ በአንድ ሰረዙ። በመጨረሻ ራሳቸውን ሰረዙ። ወጣቱ ሁሉ ከዚያ ቤት ወጥቶ ኦቦ ቶሎሳና ሚስታቸው ብቻ ቀሩ። «ፊቱ ላይ መሰረዝ ነውር ነው» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ እኔ ምንም ሳልጠይቃቸው።

ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ሆነ። አዴ ጫልቱ የሚባሉ ሴት ቤት ስንገባ የሁለት ልጆቻቸው አልጋ ተነጥፎ ነበር፤ ትራሱ ላይ የታጠበ ሸሚዝ ተቀምጧል። «ልጅሽ ለታ አለ?» አሉ ኦቦ ዳባ። «ጂራ፤ አለ። ወጣ ብሎ ነው» አሉ አዴ ጫልቱ። ለታ ከሄደ ዓመታት እንዳለፉ ኦቦ ዳባ ያውቃሉ፤ አዴ ጫልቱም እንደሚያውቁ ያውቃሉ። ኦቦ ዳባ «ሲመጣ ሰላም በዪልኝ» ብለው ስሙን በንጹሕ ጽሑፍ ጻፉ። ሴትየዋ ሳይታሰብ እጃቸውን ይዘው ሳሟቸው። ኦቦ ዳባ እጃቸውን ቶሎ ነጠቁ፤ ከግቢው ሲወጡም እየሮጡ ማለት ይቻላል። ከአጥሩ ወዲያ ለታን ለመሰረዝ ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። ያን ቀን አንድም መዝሙር ሲያንጎራጉሩ አልሰማሁም።

ወደ ጊንጪ ስንመለስ ባሕር ዛፉ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኔ እንደ እውነቱ ከሆነ ቁጥሩን እንዳለ ቢተዉት ደስ ይለኝ ነበር። አንጀቴን የበላኝ የአዴ ጫልቱ አልጋ ነው። «ኦቦ ዳባ፣ ቢተዉት ማን ይጎዳል?» አልኳቸው።

«የጎርባ ልጆች» አሉኝ። «እነሱ እኮ አሉ። ዛሬ ጠዋት ከወንዙ ማዶ ሲጫወቱ አልሰማሻቸውም? እኔ ሰምቻለሁ። ጨፌ ዳሎ ውስጥ ግን ሕፃን ሲያለቅስ ቀኑን ሙሉ ሰማሽ?»

አልሰማሁም ነበር። ጥቂት ሕፃናት አይተናል፤ ግን እንደ መንደር ጫጫታ የሚሰማ ነገር አልነበረም።

ሪፖርቱ ቢሮ ሲደርስ ኃላፊያችን አስጠራቸው። «እሺ ይበልጣል ከሺ» አላቸው። «መንደርዎ ተጠቃሚ ሊሆን ነው፤ ቁጥሩን እንዳለ ቢተዉት ማን ይጠይቀናል?» ኦቦ ዳባ ጃንጥላቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ «የጻፍኩት እንደተጻፈ ይሂድ» ብቻ አሉት። እንዳሉትም ሆነ፤ ትምህርት ቤቱም ለጎርባ ተሰጠ።

ኦቦ ቶሎሳ የተሳደቡትም የዛቱትም ነገር የለም። በሚቀጥለው ገና ኦቦ ዳባ ስኳርና ዳቦ ተሸክመው መንደራቸው ሄዱ፤ በዚያው ቀን ከነስኳሩ ተመለሱ። ስኳሩን ለእኔ ሰጡኝ። «ቤቱ ሰው አልነበረም?» አልኳቸው፤ ሞኝ ነኝ። «ነበረ» አሉኝ። «በሩ ግን ተዘግቶ ነበር። ጭስ አይቻለሁ።» ከዚያ ወዲህ መንደሩ ሠርግም ልቅሶም አልጠራቸውም። አክስታቸው ሲሞቱ የሰሙት ከሳምንት በኋላ፣ ገበያ ላይ ከሌላ ሰው ነው። ለገበሬ ልጅ ከዚህ የበለጠ ቅጣት የለም፤ ልቅሶ ያልተጠራ ሰው ማለት የሞተ ሰው ማለት ነው።

ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት አንድ ቀን ሻይ ቤት ተቀምጠን ጠየቅኳቸው። ባለቤታቸውም ልጆቻቸውም አምቦ ስለሆኑ መቼም ብቸኛ አልነበሩም፤ ግን ከስተው ነበር፣ ጃንጥላዋም ስብሰባ ላይ መነሣት አቁማለች።

«ይቆጭዎታል?» አልኳቸው።

ሻዩን አማስለው አማስለው አቀዘቀዙት። «ቁጥሩ ትክክል ነበር» አሉ። «ዛሬም ብቆጥር ያንኑ ነው የምጽፈው። ግን ቶሎሳም አልተሳሳተም። ትምህርት ቤቱ እዚያ ቢሠራ ኖሮ የጎርባ ልጆች ወደኛ ይመጡ ነበር። ሻይ ቤት ይከፈታል፣ አስተማሪ ቤት ይከራያል፣ አንድ ሁለት ልጅ ይመለስ ይሆናል። እኔ ያለውን ነው የቆጠርኩት። ሊኖር የሚችለውን መቁጠሪያ የለኝም። እንዲህ ብዬ ብነግረው ጥሩ ነበር፤ በሩን ዘጋብኝ።»

«አሁንም ይንገሯቸው።»

«እሱ ነው ታላቄ» አሉኝ። «ታላቅ ካልጠራ ታናሽ አይሄድም።»

ከዚያ በኋላ ስለ ጨፌ ዳሎ አንሥተን አናውቅም። ጡረታ ከወጡ በኋላ አምቦ ገበያ ውስጥ አልፎ አልፎ አገኛቸው ነበር። «ያ ኢንታላ፣ ሕዝቡ ስንት ደረሰልሽ?» ይሉኛል። «ጨምሯል፣ ኦቦ ዳባ» እላለሁ። ይስቃሉ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ ያልቅ ነበር።

በቀብሩ ቀን ከጥበቃው ጋር በማለዳ ሚኒባስ ተሳፈርን። ከጊንጪ ባጃጅ ይዘን አስፋልቱ እስከሚያልቅበት ሄድን። ሬሳውን የጫነችው ፒክአፕ ከፊታችን ነበረች። ወንዙ ጋ ስትደርስ ቆመች፤ ከዚያ ወዲያ መኪና አይሄድም፣ መቃብሩ ደግሞ ኮረብታው ላይ ነው። ባለቤታቸውና ሴት ልጆቻቸው ወረዱ። አብረው የመጡት የአምቦ ሰዎች አብዛኛው ጡረተኛ ነው። ሳጥኑን የሚቀበል ሰው ፍለጋ ወደ መንደሩ አየን።

መጥተዋል። ይህን መናገር አለብኝ፤ ጥበቃው የፈራው አልሆነም። የጨፌ ዳሎ ሰው ዳገቱ ሥር ቆሞ እየጠበቀን ነበር። ግን ሁሉም በከዘራ የቆሙ ሽማግሌዎችና ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ናቸው። አዴ ጫልቱም ነበሩ። ኦቦ ቶሎሳ ከፊት ቆመዋል፤ በጣም አርጅተዋል፤ የወንድማቸውን ሳጥን ሲያዩ ወደ እኛ አልመጡም፣ ወደ ወንዙ ማዶ ነው ያዩት። እኔ በውስጤ ይህን ሳጥን እነዚህ ሰዎች ዳገት አያወጡትም እያልኩ ነበር። ለኦቦ ዳባ ያወጣሁላቸው ሥዕል ፊቴ ቆሟል፤ ጉድለቱን ያኔ በወረቀት ላይ ነበር ያየሁት፣ አሁን በዓይኔ አየሁት።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከወንዙ ማዶ ዩኒፎርም የለበሱ ጎረምሶች በመደዳ ሲመጡ አየን። አንድ ወጣት መምህር ይመራቸዋል። ሱሪያቸውን ጠቅልለው ወንዙን ተሻገሩ፤ ምንም ሳይናገሩ ሳጥኑን ከፒክአፑ ተቀብለው ተሸከሙ። ከመካከላቸው ከፊሎቹ ቀድመው ወጥተው መቃብሩን ለመቆፈር አካፋውን ከሽማግሌዎቹ ተቀበሉ። እያለቀሱ አልነበረም፤ የማያውቁት ሰው ነው። ግን አክብረው ነው የተሸከሙት፣ ዳገቱ ላይ አንድም ጊዜ አላንገዳገዱትም።

መምህሩ አጠገቤ ይሄድ ስለነበር ጠየቅኩት። የጎርባ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነው። «ጠዋት ሰልፍ ላይ እያለን እኒያ ሽማግሌ መጡ» አለኝ ኦቦ ቶሎሳን እያሳየኝ። «በር ላይ ቆመው አልገባም አሉ። ይህን ግቢ ላልረግጥ ምያለሁ አሉን። ከውጭ ሆነው ነው የለመኑን። ወንድሜ ሞቶብኛል፣ የሚሸከመው ጎረምሳ አበድሩኝ አሉ።»

ቄስ የለም፣ ፕሮቴስታንት ናቸው፤ ወንጌላዊው ጸለየ፣ ተዘመረ። ኦቦ ዳባ ሲደምሩ ያንጎራጉሩት የነበረው መዝሙር ስለመሆኑ እርግጠኛ አይደለሁም፤ እኔ ግን ያንን ሰማሁ መሰለኝና አለቀስኩ። አፈሩ ተመለሰ። አዴ ጫልቱ ከመቃብሩ ራስጌ ተቀምጠው በእጃቸው መዳፍ አፈሩን ያስተካክሉ ነበር።

ሁሉም ሲያበቃ ኦቦ ቶሎሳ ተማሪዎቹን ሰበሰቧቸው። በአገሩ ወግ ሬሳ የተሸከመ ሰው ሳይመሰገን አይሄድም። ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ።

«ገለቶማ፣ ልጆቼ» አሉ። «እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ የተሸከማችሁት ወንድሜ ነው። እናንተ የምትማሩበትን ትምህርት ቤት እኛ ፈልገነው ነበር። እሱ መጥቶ ቆጠረን፣ ሰው የላችሁም ብሎ ለእናንተ ሰጠው። እኔ ሰው አለን ብዬ ተጣላሁት፤ በሬን ዘጋሁበት። ትናንት መሞቱን ስሰማ ግን መንደሬን ዞርኩ፤ ቤት ለቤት ዞርኩ። የሚሸከመው አጣሁለት።» ወደ መቃብሩ ዞረው አዩ። «ይቅር በለኝ ልለው ይገባ ነበር። እሱ አይሰማኝም፣ እናንተ ስሙኝ።»

ተማሪዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ያዳምጣሉ። ኦቦ ቶሎሳ ወደ እነሱ ጠጋ አሉ፤ ዓይናቸው ስለደከመ ፊታቸውን አንድ በአንድ በቅርብ ነው የሚያዩት። የሚያውቁትን ሰው መልክ የሚፈልጉ ይመስል ነበር።

«እስቲ» አሉ፣ «ከእናንተ ውስጥ የጨፌ ዳሎ ልጅ ማን ነው?»

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። መምህሩም ወደኋላ ዞሮ አያቸው። አዴ ጫልቱ ከተቀመጡበት ቀና አሉ። እጁን ያወጣ አልነበረም።

ኦቦ ቶሎሳ ቆመው ጠበቁ። ከዚያ ኮፍያቸውን መልሰው አደረጉና፣ «በሉ ሂዱ» አሉ፤ «ትምህርት እንዳያልፋችሁ።»